በጥር ሥላሴ ወደ ናርጋ፦ ታንኳው፣ ማደሪያውና ዓሣው በአንድ ዋጋ

ከጉዞው በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ መንገዱን የመራውን ሰው ሳያውቁ መንገዱን ማንበብ ጥቅም የለውም። ስሜ ፈንቴ ይባላል። ወረታ ገበያ ደርሶ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ የት ነው ብሎ የጠየቀ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ፊደል ያስቆጠረኝ መሪጌታ የለም። ፊደልን የለየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በአቡጀዲ ጣቃ ላይ ከታተመው ጽሕፈትና ነጋዴዎች ዕቃ ጠቅልለው ከሚሰጡኝ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። የስፌት መኪናውንም ማንም አላሳየኝም። ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፤ ያለ እርሷም እስከ ዛሬ ይሠራል። ማመልከቻም እጽፋለሁ። በእኔ እጅ የተጻፈ ማመልከቻ ስሕተት አለበት ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። መልስ ያልመጣላቸው አሉ፤ ያ ግን የጻፈው ሰው ጥፋት አይደለም።

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት በይፋግና በሐሙሲት መካከል ተወልደው፣ ጣናን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ እያዩ፣ አንድም ቀን ተሳፍረውበት ለማያውቁ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ አይሄዱም። እኔ ሄጃለሁ፤ እንዴት በርካሽ እንደሚሄድም አውቄአለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከአማቴ ከእሜቴ የሺ ነው። የባለቤቴ የእናኑ ታናሽ እኅት ሙጭት ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ከሚባለው አገር ከተዳረች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እናትና ልጅ አልተያዩም። ባሏ እግሩን ታሞ ተኝቷል፤ ልጆቿ ሕፃናት ናቸው፤ ስለዚህ ሙጭት ከሁለት ሌሊት በላይ ቤቷን ጥላ መውጣት አትችልም። አማቴ ደግሞ ሐይቁን በእግር ዞረው ቁንዝላ ለመድረስ ጉልበት የላቸውም። ዓይናቸውም እየደፈረሰ ነው። ባለፈው መስከረም መርፌ ውስጥ ክር ላስገባላቸው ስል እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው የያዙት መርፌውን ሳይሆን አውራ ጣቴን ነበር።

በኅዳር አንድ ነጋዴ ከሙጭት ቃል ይዞ መጣ። ጥር ሥላሴን ለማንገሥ በሐይቁ መካከል ወዳለው ወደ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ እመጣለሁ፤ ከዋዜማው በፊት ደርሼ ሁለት ሌሊት አድራለሁ፤ እናቴን የሚያመጣልኝ ሰው ቢገኝ ዓይኗ ሳይጠፋ ፊቴን ታይ ነበር፣ የሚል ነው። የቤቱ ሰው የመንገዱን ርቀት መቁጠር ጀመረ። እኔ ግን ወረቀት አወጣሁና እዚያው፣ ነጋዴው ጠላውን ሳይጨርስ፣ «እኔ ፈንቴ አመጣቸዋለሁ፤ ጥር አምስት ናርጋ ነን» ብዬ ጻፍኩ። እናኑ ይተዉ፣ ቀኑን አይቁረጡ አለችኝ። የተጻፈ ነገር ቀን ከሌለው ምኑን ተጻፈ?

ከዚያ በኋላ የመንገዱን ዋጋ መረመርኩ። አንደኛው በጭነት መኪና ባሕር ዳር ወርዶ በሞተር ጀልባ መሄድ ነው። ለመኪናው ይከፈላል፤ ጀልባው እስኪነሣ ለማደሪያ ይከፈላል፤ ለምግብ ይከፈላል፤ ለጀልባው ይከፈላል፤ ከዚያ ደሴቱ ላይ ጥሎህ ይሄድና የመመለሻውን ቀን የሚነግርህ ሰው አይገኝም። ይህን ሰው ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ ትቼ፣ በገበያ ቀን ደረቅ ዓሣ የሚያመጣውን ባለታንኳ እንድሪስን ጠራሁት። ልጁን በየካቲት እንደሚድር ሰምቻለሁ።

«ጋሼ ፈንቴ፣ ማድረስ ብቻ ነው ወይስ መመለስም አለበት?» አለኝ።

«ማድረስ፣ መጠበቅ፣ መመለስ። ማደሪያውም ባንተ ዘመዶችና ወዳጆች ነው። የመንገድ ዓሣም ባንተ።»

«ታዲያ ከርስዎ ምን ቀረ?»

«እኔ አለብስሃለሁ። ላንተ ኮት፣ ለሙሽራው ኮትና ሱሪ።»

«ገበር ያለው ኮት?»

«ገበር ያለው።»

ትንሽ አሰበና «ለወንድሜስ? መቅዘፊያ የሚይዘው እሱም ነው» አለ። ለወንድሙ ሰደርያ ጨመርኩ። እንግዲህ ፍረዱ፦ ሦስት ሰው፣ ሄዶ መምጫ፣ ማደሪያና ምግብ ተጨምሮ፣ በመርፌና በክር። ወረታ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል የተዋዋለ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ጥር ሦስት ቀን ማለዳ ተነሣን። አማቴን ከጎረቤት በተዋስኳት በቅሎ ላይ አስቀመጥናቸው፤ እናኑ ስንቁን አዘለች፤ ጃንጥላውን ለአማቴ ሰጥቼ እኔ ወረቀት ያዝኩ። ከወረታ ወደ ሐይቁ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ በሜዳ መንገድ የሚቸገር ሰው ያለ አይመስልም። ነገር ግን የፎገራ ጥቁር አፈር በጥር ይሰነጠቃል። እኩለ ቀን ሳይሆን የበቅሎዋ የፊት እግር ስንጥቅ ውስጥ ገባና አማቴ ቀስ ብለው፣ ጃንጥላቸውን ሳይለቁ፣ ጓያ ማሳ ውስጥ ተቀመጡ። ጤፍ የሚወቁ ሦስት ሰዎች አውድማቸውን ትተው መጡ። አንዱ የበቅሎዋን እግር አወጣ፣ ሁለቱ አማቴን አነሡ፣ ከዚያም ጠላ ካልጠጣችሁ አንለቅም አሉ። ሲጠጣ የተናገርኩት ስለ ስፌት መኪናዬ ነበር፤ በጣም ደስ ብሏቸው ሰሙ።

በዚህ ቦታ አንድ ችግር ልጥቀስ። በእኛ ወግ አማት በአማቿ ፊት አትበላም። ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነው፤ ጓዳ አለ። በሜዳ ላይ ግን ጓዳ የለም። አማቴ ጃንጥላውን በእኔና በራሳቸው መካከል ተክለው ከበስተጀርባው በሉ። እኔም ትዳር ከያዝኩ ጀምሬ እንደማደርገው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

ሳይመሽ ከሐይቁ ዳር ያለችው ናበጋ ደረስን። ያሳደሩን የእንድሪስ ወዳጅ ቄስ ይርጋ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አንጓች እግራችንን አጠቡን፤ የሽምብራ ዱቄት ሽሮ አቀረቡልን። ወረታ ውስጥ ሽሮ ይሠራል፤ እንደዚያ ያለ ግን አልቀመስኩም። እንድሪስና ወንድሙ ታንኳዋን ቀድመው አዘጋጅተዋታል። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው፤ ደንገሉ ደረቅ ቄጠማ ይመስላል። ከባሕሩ ዳር ሾላ ዛፍ ላይ አስደግፈው ቀጥ አድርገው አቁመዋታል። «ጎህ ሲቀድ እንገናኝ» ብለው ወደ ዘመዶቻቸው መንደር ሄዱ።

እኔ ታንኳዋን አየኋት። ከሰው ሦስት እጥፍ ትረዝማለች፤ ነፋስ በነካት ቁጥር ትወዛወዛለች። ብትወድቅ ትሰበራለች አልኩ። ደግሞም ንጋት ላይ እርሷን ለማውረድ ስንት ጊዜ ይባክናል? መንገድ የሚመራ ሰው አስቀድሞ ያስባል። ውኃ ዳር የነበሩ ሁለት መንገደኞችን ለምኜ ታንኳዋን አወረድናትና ውኃው ላይ አኖርናት። እኛ አገር በሬ እንደሚታሰር ችካል ተክዬ በጠፍር አሰርኳት። ነፋሱ ግን ወዲያና ወዲህ ይጎትታታል። ክብደት ያስፈልጋታል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ድንጋይ የለም፤ አንድ ቀን ሙሉ ብትሄድ የምትወረውረው አታገኝም። እኔ ግን አገኘሁ። ከወይዘሮ አንጓች ማድቤት ደጃፍ ሦስት ጉልቻዎችና ሁለት የተሰበሩ ወፍጮዎች ነበሩ። አምስቱንም አንድ በአንድ ተሸክሜ ታንኳዋ ውስጥ ደረደርኩና የሠራሁትን አይቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጥር አራት ጎህ ሲቀድ እንድሪስ መጣ። ዛፉን አየ፤ ውኃውን አየ። ታንኳዋ አፏ ብቻ ከውኃው በላይ ቀርቶ፣ አምስቱን ድንጋይ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ማን ነው ያጠጣት?» አለ።

«ነፋስ እንዳይወስዳት ብዬ ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይህች በሬ ናት እንዴ ሌሊቱን ውኃ ዳር የሚያሳድሯት? ደንገል እኮ ነው። ውኃ ይጠጣል። የምትቆመው ልትደርቅ ነው።» ወንድሙ ውስጥ ገብቶ አንዱን ድንጋይ አነሣና ለረጅም ጊዜ አየው። «ድንጋዩንስ ከየት አመጡት?» አለ። ከሁሉ ያስገረመው የድንጋዩ መገኘት ነበር።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አንጓች ከማድቤት ወጥተው «ጉልቻዬን የወሰደው ማነው?» አሉ።

እናኑ በደህና ቀን አንቱ ትለኛለች፤ በዚያ ጠዋት «አንተ ሰውዬ» አለችኝ። አማቴ የሆነውን በድምፁ ተረድተው ከግድግዳው ጥግ «በዓሉ ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት አልኳቸው። «ሙጭት ነገ ትደርሳለች» አሉ።

ታንኳዋን አራት ሰው አወጣት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመች። እኔ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር ታንኳዋን አስዞርኳት፤ ጉልቻዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ ከዚያ ለናበጋ ሰዎች ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ወይዘሮ አንጓች ምንም ሳይቀየሙ ሌላ ሌሊት አሳደሩን፤ ስንቅም ጨመሩልን። ብቻ ማታ ጉልቻዎቹን ወደ ቤት አስገብተዋቸው አደሩ።

ጥር አምስት ተሳፈርን። ታንኳ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ እነግራለሁ፦ እርጥብ የሣር ክምር ላይ እንደመቀመጥ ነው፤ ክምሩ ግን ይተነፍሳል። ውኃው ከሥር ይገባል፤ ሰው አይደነግጥም። ፎገራ በነሐሴ ስትጥለቀለቅ ውኃው ወደ ቤታችን ይመጣል፤ ደጅ ላይ ቆመን እናየዋለን። እዚህ ግን ሰው በፈቃዱ ወደ ውኃው ይሄዳል፤ ይህን ማድረግ ልብ ይጠይቃል። ባለታንኳዎቹ ከዳር ዳር እየቀዘፉ ወደ ደቡብ ወሰዱን። ጉማራ ወንዝ ከሚገባበት አካባቢ ጉማሬዎች ስላሉ ዝም በሉ ተባልን። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርኩ፤ እንድሪስ መቅዘፊያውን አንሥቶ አሳየኝ።

ጣና ቂርቆስ ሴት ስለማይወጣበት እናኑና አማቴ ከታንኳዋ ላይ ሆነው ተሳለሙ። አማቴ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ሌላ በኩል ነበር፤ እናኑ አገጫቸውን ይዛ ወደ ገዳሙ መለሰቻቸው። ይህንን አየሁ።

ከናበጋ ተጠብሶ የመጣው ዓሣ በውላችን መሠረት ቀረበ። አማቴ የት ይበሉ? በታንኳ ላይ ጃንጥላ ቢተከል ነፋስ ይይዘዋል አለ እንድሪስ። እኔ መላ ፈጠርኩ፤ ጋቢዬን ራሴ ላይ ተከናንቤ፣ በልተው እስኪጨርሱ በጨለማ ተቀመጥኩ። እንድሪስ «ጋሼ፣ ተኙ ወይስ ሞቱ?» እያለ ይስቃል። ከጋቢው ውስጥ ሆኜ የኮቱን ገበር አስታወስኩት።

ለማደሪያ ከሐይቁ ዳር ቆራጣ ስንደርስ ነፋሱ ተነሥቶ ልብሳችን ርሶ ነበር። ያደርንበት ቤት እመቤት እንድሪስ ዓሣ የሚያመጣላቸው ባልቴት ናቸው፤ ደረቅ ጋቢ ለየራሳችን ሰጡን። ከግቢያቸው ሎሚና ትርንጎ ተንጠልጥሏል። ወረታ ላይ ትርንጎ ለበሽተኛ ይፈለጋል፤ ቆራጣ ላይ መሬት ወድቆ ይረገጣል። ጥር አምስት ናርጋ ነን ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩትም።

ጥር ስድስት ከቆራጣ ወደ ደቅ ተሻገርን። ታንኳዋ በአንድ ቀን ፀሐይ ልቧ አልደረቀም ነበርና እንደ እርጉዝ ላም ትሄዳለች። ሌላ ጊዜ ከነፋሱ በፊት ናርጋ የምትደርስ ታንኳ፣ ነፋሱ ከመሐል ሐይቅ አገኛት። ማዕበሉ ሲመታን አማቴን አስመለሳቸው። እናኑ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛለች።

«ናርጋ ከደሴቱ በስተምዕራብ ነው» አለ እንድሪስ፤ «ዛሬ ዞረን አንደርስበትም። በምሥራቁ በኩል እናውርዳችሁ። ታንኳዋን እኛ ነገ በውኃው አዙረን እናመጣታለን። እናንተ ነገ ጠዋት በእግር ነው።»

«በእግር ማን?» አለች እናኑ። እንድሪስ የታንኳዋን አፍ ወደ ምሥራቁ ዳር አዞረ።

ደቅ ላይ ያሳደሩን ገበሬ የእንድሪስ አጎት አበልጅ ናቸው። ለአማቴ ከእሳቱ አጠገብ መደብ ለቀቁላቸው፤ አብሽ አፍልተው አጠጧቸው። እኔም የደሴቱን ኑሮ ጠየቅሁ። መሬታቸው እንደኛው ያፈራል፤ ግን ከብቶቻቸው ከፎገራ ከብት አጠገብ ቢቆሙ ጥጃ ይመስላሉ። ይህን ስነግራቸው አልተቀየሙም። እናኑ ግን «ነገ የሚደርሱበትን ያስቡ፤ የላሙን ነገር ይተዉት» አለችኝ። አንቱ ማለት ጀምራለች ብዬ ደስ አለኝ።

ጥር ሰባት፣ የሥላሴ ዕለት፣ አማቴ መቀመጥ አልቻሉም። ጎልማሶቹ ሁሉ ናርጋ ለማንገሥ ሄደው አድረዋል፤ መንደሩ ውስጥ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው። አራት ሽማግሌዎች አልጋ በሁለት ረጅም እንጨት ላይ አሰሩና አማቴን አስተኝተው ተሸከሙ። በየጥቂቱ እያወረዱ ያርፋሉ። ከፊት የሚመጡ ሰዎች ታቦቱ ዞሮ እንደገባ ነገሩን። «የቁንዝላ ሰዎችስ?» አልኩ። «ወደ ጀልባቸው ወርደዋል፤ ነፋስ ሳይነሣ ሊሻገሩ ነው» አሉን። እናኑ ዓይኔን አየችኝ። ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። በዕድሜዬ ያን ያህል የሮጠ ሰው አላውቅም።

ደረስኩ። የሞተር ጀልባው ከዳር ለቆ፣ ሰው ወገቡ ድረስ ገብቶ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ነበር። ሰዎች እንደ ጤፍ ነዶ ተደርድረውበታል። ሙጭት የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም።

«አቁሙ፤ እኔ የወረታው ፈንቴ ነኝ» አልኩ።

ሹፌሩ ወፍራም ሰው ነው፤ ከመሪው ቀና ብሎ «ማን?» አለ።

«ፈንቴ። ለወረዳው ሹማምንት ልብስ የምሰፋ። ማመልከቻ የምጽፍ።»

«ደህና ሰንብቱ አቶ ፈንቴ» አለና ሞተሩን አጓራ።

ውኃው ውስጥ ገባሁ። ሱሪዬ የራሴ ስፌት ነው፤ አልሳሳሁለትም። «አንዲት አሮጊት በአልጋ እየመጡ ነው፤ ልጃቸው እናንተ ጀልባ ላይ አለች» ብዬ ጮኽኩ።

«እስካሁን የት ነበራችሁ? በዓሉ አለቀ እኮ» አለ ሹፌሩ።

መልስ ብዙ ነበረኝ። ነፋሱ ነው ማለት እችል ነበር፤ ባለታንኳው ነው ማለት እችል ነበር። ማመልከቻ ብጽፈው እንዲህ አድርጌ ነበር የምጽፈው። እዚያ ውኃው ውስጥ ቆሜ ግን ሌላ አልመጣልኝም።

«ታንኳዋን ውኃ ላይ አሳደርኳት» አልኩ። «ነፋስ እንዳይወስዳት ድንጋይ ጫንኩባት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ጫንኩባት አሉ?»

«ድንጋይ።»

«ደንገል ታንኳ ላይ? ስንት ድንጋይ?»

«አምስት። ሦስቱ ጉልቻ ነው።»

በመጀመሪያ የሳቁት የቁንዝላ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ታንኳ ያውቃሉ። ቀጥሎ ዳር ላይ የቆሙት። አንድ ሽማግሌ የጀልባውን ጠርዝ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይውጡና በደንብ ይንገሩን» አለ ሹፌሩ፤ ጀልባውንም ወደ ዳር መለሰው። እኔም ነገርኳቸው። ከወይዘሮ አንጓች ማድቤት ጀምሬ ነገርኳቸው፤ እየሳቁ እስካሉ ድረስ አይሄዱምና አላሳጠርኩትም። በዚህ መካከል አንዲት ቀጭን ሴት ከሰዎቹ መካከል ወጥታ ወደ እኔ መጣች። አልሳቀችም።

«ጋሼ ፈንቴ» አለች። «ሁለት ሌሊት ስጠብቅ ሞታለች ብዬ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ አልጋውን ይዘው ሲደርሱ ሹፌሩ ነፋሱን በጣቱ ለካና «አንዲት ድስት ሽሮ እስክትፈላ ድረስ እጠብቃለሁ» አለ።

ሙጭት ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች። አማቴ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቅንድቧን፣ ጉንጯን፣ ከንፈሯን ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ብርሃን አዞሯትና ከቅርብ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ሆነው አዩዋት።

«ጥርስሽ ወልቋል» አሉ።

«በሁለተኛው ልጄ ጊዜ ነው እማዬ።»

«ማን አረሰሽ?»

«ጎረቤት።»

እናኑ ከጎናቸው ተቀምጣ የእኅቷን እጅ ይዛለች። ሦስቱ እንደዚያ ሆነው በዝቅተኛ ድምፅ ሲነጋገሩ እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። አዳመጥኩ ማለት ግን እችላለሁ። ስለ ልጆቹ ስም ነበር የሚያወሩት፤ አማቴ ሁለቱን ስሞች አያውቋቸውም ነበር።

ሹፌሩ «እንግዲህ» አለ።

አማቴ «ደግፉኝ» አሉ። ወደ አልጋው የሚመልሷቸው መስሎን ደገፍናቸው፤ እርሳቸው ግን ወደ ጀልባው ተራመዱ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለች እናኑ።

«ከሙጭት ጋራ።»

«ልብስሽ ወረታ ነው።»

«ልብስ ፈንቴ ይሰፋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አማቴ ለእኔ ሲናገሩ ዓይን ለዓይን አያዩኝም፤ ያን ቀን ግን አዩኝ፤ ምናልባት ጥላዬን ብቻ አይተውት ይሆናል። «አንቱ አድርሰውኛል» አሉኝ። «ሁለት ሌሊት አስባችሁልኝ ነበር፤ እሱ አለፈ። በዚህች ጊዜ ጠግቤ አልመለስም። ዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ልያት፤ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ትምራኝ።»

እናኑ «እኔስ?» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

«አንቺን ሠላሳ ዓመት አየሁሽ» አሉ።

ለአማቴ የጀልባ ዋጋ ስንት እንደሆነ ሹፌሩን ጠየቅሁት። «በድንጋዩ ተከፍሏል» አለ። ሽማግሌዎቹ አንሥተው አስገቧቸው። ጀልባው ሲሄድ ሙጭት ነጠላዋን ታውለበልባለች፤ አማቴ ግን ወደ እኛ ሳይሆን ወደ እርሷ ፊት ያያሉ።

መመለሻውን በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ በእንድሪስ ታንኳ ሁሉም ነገር በውሉ መሠረት ሆነ። በዚያ ሌሊት ናርጋ አጠገብ አደርን፤ ታንኳዋ ዛፍ ላይ ቆማ አደረች፤ ያቆምኳት እኔው ነኝ። ጥር ስምንት ነፋሱ ሳይነሣ ቆራጣ ገባን። ባልቴቷ አራት ትርንጎ አስያዙን። ጥር ዘጠኝ ናበጋ ደረስን፤ ወይዘሮ አንጓች ሲያዩን ሦስተኛዋን ፈልገው ወደ ኋላችን ተመለከቱ። ጥር ዐሥር፣ የከተራ ዕለት፣ ሰው ነጭ ለብሶ ታቦት ሲያጅብ ወረታ ገባን። ቄስ ይርጋ ዘንድ ትተናት የነበረችው በቅሎ ባዶዋን ነበር የምትሄደው፤ እናኑ ተቀመጪባት ስላት እምቢ አለች። በመንገዱ ሁሉ የተናገረችው ጥቂት ነው። ከአውድማው ሰዎች ዘንድ ስናርፍ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ድንጋዩን ባትጭን ኖሮ ሦስታችን ሁለት ሌሊት አብረን እናድር ነበር። ምናልባት እሷም ጠግባ ትመለስ ነበር።» ለዚህ ማመልከቻ አይጻፍም።

እንግዲህ በስምንት ቀን ውስጥ ያደረግሁት ይህ ነው። ከወረታ እስከ ናርጋ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ከጎረቤቶቼ ማንም አልሄደም። ታንኳ፣ ማደሪያና ዓሣ ያለበትን ጉዞ በሁለት ኮት፣ በአንድ ሱሪና በአንድ ሰደርያ ተዋውያለሁ፤ ልብሱም ለሠርጉ ደርሷል፤ ገበር አለው። ናበጋ ላይ ሦስት ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ ለአንዱ መልስ መጥቷል። በድንጋይ በሌለበት አገር አምስት ድንጋይ አግኝቻለሁ። የሚሄድ የሞተር ጀልባ አቁሜአለሁ፤ ያቆምኩትም በማዕረጌ አይደለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ያልተያዩ እናትና ልጅን አገናኝቻለሁ። ለአማቴ ሁለት ቀሚስና አንድ ካባ ሰፍቼ በነጋዴ ወደ ቁንዝላ ልኬአለሁ፤ ልክ ሆኖልኛል ብለው ልከዋል።

ይህን ዝርዝር ለእናኑ ሳነብላት አንድ ቀርቷል፣ ጻፍ አለችኝ። እናትና ሁለት ልጆቿን አንድ ላይ ያስቀመጥኳቸው አንዲት ድስት ሽሮ እስክትፈላ ድረስ ነው። ጽፌዋለሁ።